ስካውዘር ማለት ወጥ ነው እንዴ? (የማኪያቶ ውርርድ አለበት)

ቀዩ ሽምብጥ ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን ቅዳሜ ማታ በዚህ ምክንያት ልንጣላ ነበር። ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ ሁልጊዜ የምንገባበት ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብለን የሊቨርፑልን ጨዋታ እያየን ነው። ከርቲስ ጆንስ ኳስ በያዘ ቁጥር ኮሜንታተሩ «ስካውዘር» ይለዋል። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ ሰምቻለሁ። ሳላህን ግን አንድም ቀን እንደዚያ ብሎት አያውቅም።

አጠገቤ የነበረው የማንቼ ደጋፊ ጓደኛዬ «ስካውዘር ማለት ሌባ ማለት ነው» አለ። እኔ ደግሞ «የሊቨርፑል ደጋፊ ማለት ነው፣ እኔም ስካውዘር ነኝ» አልኩ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። በሁለት ማኪያቶ ተወራረድን፣ ዳኛው የቤቱ ባለቤት ሆነ።

ቤት ገብቼ በስልኬ ቃሉን ስፈልግ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ወጥ! የወጥ ዓይነት ነው አለኝ። ጮክ ብዬ «ወጥ?» ስል እናቴ ከጓዳ «ገና ነው፣ ታገስ» አለችኝ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እኔ ስካውዘር ነኝ ወይስ አይደለሁም? ሁለተኛ፣ የወጥ ስም እንዴት የሰው ስም ይሆናል? እኛ አገር «ሽሮዎቹ መጡ» ተብሎ አያውቅም።

አባይ ማዶ ጻፈ፦

ወጥ ነህ በቃ፣ ተቀበለው። ያውም ባለፈው ሳምንት ያረረ ወጥ።

ከመርሲ ዳር ጻፈች፦

እኔ ጊዮርጊስ ጀርባ ያደግሁ የባህር ዳር ልጅ ነኝ፣ አሁን ሊቨርፑል ከገባሁ አምስት ዓመት ሆነኝ። የምሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ስካውስን በወሬ ሳይሆን በእጄ አውቀዋለሁ።

ስልክህ አልዋሸህም። ስካውስ ወጥ ነው። የበሬ ወይም የበግ ሥጋ፣ ያውም ርካሹ፣ ብዙ መቀቀል የሚፈልገው። ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ውሃ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከዚያ ድንች፣ ድንች፣ ድንች። ቁም ነገሩ ያለው ድንቹ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ነው የሚገባው። ግማሹ ገና ከጅምሩ ከሥጋው ጋር ይገባና ሟሙቶ መረቁን ያወፍረዋል፣ ግማሹ መውጫው ሲቃረብ ይጨመርና እንደተቆረጠ ይቀራል። አብራኝ የምትሠራው ትልቅ ሴት ማንኪያውን መሐል ላይ ትተክለውና ካልወደቀ «ደርሷል» ትላለች። ከጎኑ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቀይ ጎመን ወይም ቀይ ስር፣ ቅቤ የተቀባ ዳቦ። አለቀ።

መጀመሪያ ቀን ስቀምሰው የበሽተኛ አልጫ ነው የመሰለኝ። በርበሬ የለ፣ ኮረሪማ የለ፣ እርድ እንኳን የለ። ከቦርሳዬ ሚጥሚጣ አውጥቼ ነሰነስኩበት። ሴትዮዋ አየችኝ። ለቅሶ ቤት ገብቼ የሳቅሁ ነው የመሰላት።

ሥጋ የሌለውም አለ። «ዕውር ስካውስ» ይሉታል። ድሮ ሥጋ መግዛት ላልቻለ ቤት ነበር። የስካውስ ቀን የሚባልም አላቸው፣ በፈረንጅ የካቲት 28። እኛ ጋ ያ ቀን ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚወድቅ እኔ የምበላው ዕውሩን ነው፣ እነሱ ደግሞ ሥጋ የሚገዛ ብር ያጣሁ እየመሰላቸው ያዝኑልኛል።

ስካውዘር ማለት እንግዲህ የዚህ ከተማ ሰው ነው። ስካውስ ደግሞ ወጡም፣ አነጋገራቸውም፣ አንዳንዴ ሰውዬውም ነው። ሦስቱም በአንድ ቃል።

ሰማያዊው ምስኪን ጻፈ፦

በባህር ዳር ብቸኛው የኤቨርተን ደጋፊ ስለሆንኩ ይሄን ጉዳይ እኔ ብናገረው ይሻላል። ስካውዘር ለመሆን ቀይ መልበስ አይጠቅምም። ኤቨርተን በ1878 (በፈረንጅ) የተመሠረተ የዚያው ከተማ ክለብ ነው፣ ሊቨርፑል የመጣው በ1892 ነው፣ ያውም ከእኛው ተገንጥሎ። ተወልዶ እዚያ ያደገ ሰማያዊ ለባሽ ስካውዘር ነው። ሽምብጥ የተወለደ ቀይ ለባሽ አይደለም። ይቅርታ ወንድሜ።

ለማንቼው ጓደኛህ ደግሞ ይሄን ንገረው፦ ዌይን ሩኒ ስካውዘር ነው። ክሮክስቴዝ የሚባል የሊቨርፑል ሰፈር ልጅ፣ ኤቨርተን ያሳደገው። ስካውዘር ማለት ሌባ ከሆነ ለማንቼ ብዙ ጎል ያገባውን ሰውዬ ምን ሊለው ነው?

አባይ ማዶ ጻፈ፦

ይሄ መልስ ብቻውን ሁለት ማኪያቶ ያወጣል።

ፊደል ቆጣሪ ጻፈ፦

ቋንቋ አስተምራለሁ፣ ኳስ አላይም፣ ግን ይሄ ጥያቄ ደስ አለኝ።

ሙሉ ስሙ «ሎብስካውስ» ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ መርከበኞች ይበሉት የነበረ። የሊቨርፑል ብቻም አልነበረም። ጀርመኖች ሃምቡርግ ላይ «ላብስካውስ» ይሉታል፣ እነሱ ግን ሁሉንም አድቅቀው ቀይ ስር ጨምረው፣ እንቁላል ጠብሰው ላዩ ላይ ያደርጋሉ። ኖርዌዮች «ላፕስካውስ» አላቸው። ሰሜን ዌልስም «ሎብስጎውስ» አለ። የመርከብ ምግብ ስለሆነ ወደብ ለወደብ ዞሯል። ቃሉ መጀመሪያ ከየት ተነሣ በሚለው ላይ ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙም፣ ሁሉም ወደ አገሩ ይጎትተዋል።

ሊቨርፑል ውስጥ የማን ምግብ እንደነበር የሚያሳይ አንድ የወጪ ሂሳብ አለ። በ1797 የታተመ ነው (በፈረንጅ)፣ የከተማው የድሆች ማቆያ ቤት። ለስካውስ ተብሎ 101 ፓውንድ የበሬ ሥጋ፣ 420 ፓውንድ ድንች፣ 28 ፓውንድ ሽንኩርት። ወደ ኪሎ ስንቀይረው ሥጋው 46 ገደማ፣ ድንቹ 190 ገደማ ነው። አንድ እጅ ሥጋ፣ አራት እጅ ድንች። እዚህ ላይ ቆም በሉ፦ ያኔ እኛ ጋ ድንች የሚባል ነገር የለም። ጀርመናዊው ሺምፐር አመጣው የሚባለው በ1858 ነው። ዛሬ አዊ ዞን ላይ ድንች የጫነ አይሱዙ ስታዩ፣ በዚያ ሂሳብ ዓይን የእኛ ድንች ትንሽ ልጅ ነው።

ሌላው አገር ምግቡን እየተወው ሲሄድ ሊቨርፑሎች አልተዉትም። ጎረቤት ከተማ በዚያ ይቀልድባቸው ጀመር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የከተማው ሰው ቅጽል ስም «ዲኪ ሳም» ነበር። በ20ኛው ወጡ አሸነፈ።

አነጋገሩ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ1845 አየርላንድ ውስጥ ድንቹ በበሽታ ሲበሰብስ (አያችሁ፣ ድንች ተመልሶ መጣ) ረሃብ ገባ፣ ሰው በመርከብ ወደ ሊቨርፑል ጎረፈ። በ1851 ቆጠራ ከከተማው ነዋሪ ከአምስት አንድ በላዩ አየርላንድ የተወለደ ነበር። ከዌልስም መጥተዋል። ያ ሁሉ አፍ በአንድ ወደብ ሲቀላቀል ከዙሪያው ገጠር ፍጹም የተለየ እንግሊዝኛ ወጣ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሄደህ ሌላ አነጋገር ነው የምትሰማው።

አሮጌ ወታደር ጻፈ፦

ልጆች፣ ሁላችሁም ድንች ድንች ትላላችሁ። በመርከብ ላይ ድንች ወር አይቆይም። ድሮ ወጡን ያወፍርላቸው የነበረው የመርከብ ብስኩት ነው፣ ድንጋይ የሆነው። እኛ ኮቾሮ የምንለው ማለት ነው። በውትድርና ዘመኔ ኮቾሮን በጥርስ አትደፍረውም፣ በጠመንጃ ሰደፍ ትሰብረውና ሻይ ውስጥ ትነክረዋለህ፣ ወይ ወጥ ከተገኘ ትፈተፍተዋለህ። መርከበኛውም ያደረገው ይሄንኑ ነው። ጨው የበላው ሥጋ፣ የተሰባበረ ብስኩት፣ ሽንኩርት፣ ውሃ። በእኛ ቋንቋ የቋንጣ ፍትፍት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ቀዩ ሽምብጥ ጻፈ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «የቋንጣ ፍትፍት» ሲሉ ገባኝ። እህቴ፣ አንቺንም በጣም አመሰግናለሁ። ሰማያዊው፣ አንተን አላመሰግንም።

መምህር፣ አነጋገሩን ባነሱት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የድሮው የሊቨርፑል ተጫዋች ጄሚ ካራገር ቴሌቪዥን ላይ ሲተነትን ጆሮዬን ግራ ያጋባኝ ነበር። ጉሮሮው ላይ የሆነ ነገር የተቀረቀረበት ይመስላል። «ቺክን» የሚለውን «ቺኽን» ይለዋል። እንግሊዞቹም ይስቁበታል። እኔ ግን አልስቅም፣ ምክንያት አለኝ። አዲስ አበባ ተማሪ ሆኜ በሄድኩበት ዓመት አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስረዳ «ኸዚያ ወዲያ» አልኩ። በቃ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ አስተማሪውም ጭምር። አንዱ ከኋላ «ጎጃሜው ጉንፋን ይዞታል» አለ። ሁለት ወር እጄን አላወጣሁም። አሁንም ስልክ ላይ ከአዲስ አበባ ሰው ጋር ሳወራ ሳላስበው «ከ»ን አጠብቃለሁ፣ እናቴ ጋ ስደውል ደግሞ «ከ» መልሳ ትላላለች።

ፊደል ቆጣሪ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ያ አስተማሪ ቢያንስ ማፈር የነበረበት እሱ ነው። አንተ ያልከው ስሕተት አይደለም፣ ያውም ከካራገር ጋር የአንድ ሕግ ልጆች ናችሁ።

ስካውዘሮች «ክ» ቃል መሐል ወይም መጨረሻ ላይ ሲመጣ ምላሳቸው ላንቃቸውን ሳይዘጋው ይቀራል፣ አየሩ እየሾለከ ይወጣል። «ባክ» «ባኽ» ይሆናል፣ «ቡክ» «ቡኽ»። እኛም እንደዚሁ አድርገናል፣ ያውም ከእነሱ ቀድመን። ግዕዙ «ኮነ» ነው። ላላና «ኾነ» ሆነ። ከዚያም ይብስ ላልቶ «ሆነ»። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ «ሆነ» የሚል ሁሉ በአንተ የሳቀበትን መንገድ ራሱ ተጉዞ ያለፈ ነው፣ ረስቶት ነው እንጂ።

ፊደሉም ምስክር ነው። ግዕዝ ውስጥ «ኸ» የለም። አማርኛ ድምፁ ስለነበረው «ከ» ላይ ሰረዝ ጨምሮ ፊደል ሠራለት። ለጉንፋን ማንም ፊደል አይሠራም።

ከመርሲ ዳር ጻፈች፦

ውይ መምህር ለጉንፋን ፊደል አይሠራም ሲሉ ሻዬን ተፋሁት። እውነትም ግን እዚህ ስመጣ አነጋገራቸው ከለንደኑ ይልቅ ለእኔ ቀለለኝ። አያቴ ዘጌ ናት፣ «ኸ» በጆሮዬ ያደገ ነው። እዚህ ሰው ሲጠራህ «ላ» ይልሃል፣ ወንድሜ እንደማለት። እኔን ደግሞ «ላቭ» ይሉኛል፣ የማያውቁኝ አውቶቡስ ነጂዎች ሳይቀሩ። መጀመሪያ ልቆጣ ነበር፣ በኋላ ሳስበው እኛስ የማናውቃትን ሴት «እታለም» አንል?

ታንኳ ጻፈ፦

ሁላችሁም ከወጥ ስም ኩራት እንደሚወጣ ታወራላችሁ። ሁልጊዜ አይወጣም። ጣና ዳር ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ነገደ ወይጦ ድሮ ጉማሬ አድነው ይበሉ ነበር። ታንኳውን በደንገል አሳምሮ የሚሠራው እነሱ ናቸው፣ ግን ጉማሬ በልተዋል ተብሎ ስንት ዘመን ሰው ማዕድ ሳይጋራቸው ኖረ። እነሱም በበሉት ምግብ ነው የታወቁት፣ ግን ቲሸርት ላይ የሚጻፍ ነገር አልሆነም።

ቋንቋም ነበራቸው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 ገደማ (በፈረንጅ) ሲያልፍ ከአገሩ ቋንቋ ሁሉ የተለየ እንደሚናገሩ ጽፏል። በ1907 ሚትቮኽ የሚባል ጀርመናዊ ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪ ሆነው ነበር። በ1928 ፈረንሳዊው ግሪዮል መጣ። አንድ ሰው በዚያ በሞተው ቋንቋ ዘፈነለት። ዘፋኙ የሚዘፍነውን ራሱ አያውቀውም። እሱ የሚያውቃቸው ጥቂት ቃላት ብቻ ነበሩ፣ እነሱም የጉማሬ ብልት ስሞች ናቸው።

ቋንቋው በሙሉ ሲሄድ የሥጋው ስም ቀረ። እኔ ይሄን ካነበብኩ ጀምሮ ታንኳ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አሮጌ ወታደር ጻፈ፦

ይሄን አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት ከእነሱ ታንኳ ገዝቼ።

ደበሎ ጻፈ፦

ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ቀዩ ሽምብጥ «እኛ አገር በምግብ የሚጠራ ሰው የለም» ያልከውን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። እኔ ራሴ ማን ነበርኩ? የቆሎ ተማሪ!

ጎጃም ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቤ፣ ጠዋት ጠዋት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ በየደጁ ቆሜያለሁ። የሰጡኝን ቁራሽ አደርቀዋለሁ፣ ድርቆሽ ይሆናል (ጋሼ፣ የእኛ ኮቾሮ እሱ ነው)። የምቆረጥመው ቆሎ ነው። ግራ ባቴ ላይ የውሻ ጥርስ ምልክት አለ፣ ያለ እሱ ምስክር ወረቀቱ አይሟላም። አነጋገርም አለን። ሁለት የቅኔ ቤት ሰዎች ሲያወሩ አጠገባቸው ብትቀመጥ አማርኛ መሆኑን ታውቃለህ፣ የሚሉትን ግን አታውቅም። ሰሙን ሰምተህ ወርቁ ያመልጥሃል።

ባህር ዳር መጥቼ ሱሪ ስለብስ የመጀመሪያው ሥራዬ ያንን ስም መደበቅ ነበር። ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ አንዷ ልጅ «አንተ የቆሎ ተማሪ ነበርክ አሉ» ስትለኝ ክጃለሁ። እንደ ጴጥሮስ። አሁን ግን መንገድ ላይ «የቆሎ ተማሪ ነኝ» የሚል ሰው ሳገኝ ወንድሜን ያገኘሁ ያህል ነው፣ «የት? ማን ዘንድ?» ብለን እዚያው ቆመን አንድ ሰዓት እናወራለን። የቆሎ ጓደኛ የሚባለው ለዚህ መሰለኝ።

እና ስካውዘሮቹን እንዲህ ነው የማያቸው። ቆሎውን ያልቆረጠመ፣ ውሻ ያልነከሰው፣ በሜዳሊያ የቆሎ ተማሪ አይሆንም። አንተም ወንድሜ በቲሸርት አትሆንም።

ቀዩ ሽምብጥ ጻፈ፦

ከሁሉም ይሄኛው አሳመነኝ። ኤቨርተን ከሚያሳምነኝ የቆሎ ተማሪ ያሳምነኝ።

የውርርዱ ውጤት፦ ጓደኛዬ «ሌባ» ብሎ ነበር፣ ተሸነፈ። እኔ «ደጋፊ» ብዬ ነበር፣ ተሸነፍኩ። የቤቱ ባለቤት ይሄን ውይይት ስልኬ ላይ አስቀምጦ ከላይ እስከ ታች አነበበና «ሁለታችሁም ከፋይ ናችሁ» ብሎ ሁለቱንም ማኪያቶ ራሱ ጠጣቸው።

እሁድ ደግሞ እናቴን ለምኜ አሠራኋት። ድንቹ ሁለት ጊዜ ነው የሚገባው ስላት «ማን ነው ያስተማረህ፣ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ?» አለችኝ። ሥጋው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ዞር ስል እርድ ጨመረችበት፣ ያየሁ አልመሰላትም። ማንኪያው አልቆመም፣ ግን ተንገዳግዶ ነው የወደቀ። አባቴ በእንጀራ በላና «የድንች አልጫ ነው፣ ምን ስም ታወጡለታላችሁ» አለ። ግን ድስቱን የጠረገው እሱ ነው።

እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ካሮቱን ከመጀመሪያው ድንች ጋር አስገብተነው ሟሙቶ ጠፋ። ከሁለተኛው ጋር ነበር እንዴ?

ከመርሲ ዳር ጻፈች፦

ከሁለተኛው ጋር። አዎ፣ መጻፍ ነበረብኝ። እርዱን ግን ለእማማ አትከልክላት፣ እኔም ሰው ሳያየኝ አደርጋለሁ።